አንድ ነጭ፣ አንድ አረንጓዴ

በዚህ የሴቶች ክፍል አዲስ ሰው ሲገባ ስሙን የሚጠይቅ የለም። «ምን ደረሰሽ?» ነው የሚባለው። ነጭ ወይስ አረንጓዴ ማለት ነው። ስም ቀስ ብሎ ይደርሳል።

እኔ ነጭ ደረሰኝ። ኤልዳና እባላለሁ። በተወለድኩበት ዘመን ኤልዳና የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ ኤልዳና ሲባል ሰው ዓይኑን ወደ ከዘራ ነው የሚወረውረው። ዕድሜዬን ትምህርት ቤት ጨረስኩ፤ መጨረሻው ላይ ርዕሰ መምህርት ነበርኩ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «እሾህ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ አልተቀየምኳቸውም። ኮምቦልቻ ሆስፒታል ድረስ የመጣሁት ሁለቱም ዳሌዎቼ አንሄድም ስላሉ ነው። የቀኙን አጥንት አውጥተው በሌላ ተኩልኝ፤ የግራው ተራውን ይጠብቅ ተባለ።

ሐኪም መድኃኒት የሚመርጥበትን ዘመን የማውቀው ከእናቴ ወሬ ነው። አሁን የሚያዘው ሚዛን የሚሉት ማሽን ነው። ሚዛን ደግሞ አይመርጥም፤ ያወዳድራል። ለጉንፋኑም ለልቡም ዕጣ ይወጣል፤ ግማሹ ሰው ይህን ይወስዳል፣ ግማሹ ያንን፤ የበለጠው ይቀራል፣ ያነሰው ይሰረዛል። አያቶቹ የቤት ዕጣ ሲጠብቁ የኖሩ ሕዝብ ይህን ለመልመድ አልተቸገረም። ጎረቤት ከሐኪም ቤት ሲመለስ «ዕጣሽ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ደህና ዋልሽ ሆኗል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣው ሕመም በዚያ ዓመት የሚወዳደሩት ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም የሞርፊን ዘመዶች ናቸው ተብሏል። አንዱ ነጭ ፕላስተር ነው፣ ሌላው አረንጓዴ። በየማለዳው ከአልጋው ራስጌ የብረት ክንድ ወርዶ አንዱን በቀኝ ትከሻ፣ አንዱን በግራ ትከሻ ይለጥፋል። ነጭ የደረሳት ሁለቱም ነጭ ነው፤ አረንጓዴ የደረሳት ሁለቱም አረንጓዴ። ማታ እኛው ልጠን ቅርጫት ውስጥ እንጥለዋለን።

አስታማሚ ክልክል ነው። አጠገቡ አስታማሚ ያለው ታማሚ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ንጽጽሩ ይዛባል አሉ። ልብ በሉ፤ ይቀንሳል ብለው ነው የከለከሉት። በፎቁ ላይ ያለችው ሰው ሲስተር ናርዶስ ብቻ ናት፤ ሥራዋ የተጣበቀ የብረት ክንድ ማላቀቅና የአሮጊቶችን ፀጉር ማጠብ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በነቃሁ ማለዳ ዳሌዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጥርስ አውጥቶ ነበር። ትንፋሼን ስስብ ይነክሰኛል፣ ስለቀውም ይነክሰኛል። በዚያ መሐል ሚዛን ከግድግዳው ለስለስ ባለ ድምፁ «ወይዘሮ ኤልዳና፣ ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር ይንገሩኝ» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል? እናቴ ምጥ ይዟት እንኳ እንደዚያ ነው ያለችው። ሚዛን አመስግኖኝ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ። በሕጉ የታማሚ ቃል ከመሣሪያ ይቀድማልና ቃሌን ጻፈ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ «ተመስገን» በሚዛን ዘንድ ሁለት ነው።

ከጎኔ ያለችው ልጅ ሁሉን ስታይ ነበር። ሂክማ ትባላለች፤ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ቦርከና ሜዳ ላይ መሰላል ተሸክማ የፀሐይ ሰሌዳ ታጸዳለች። አንጀቷ ተጠላልፎ፣ የሞተውን ቆርጠው አውጥተው፣ የቀረውን በሆዷ ጎን ከፍተውላት ነበር። ከዚያ ቀዳዳ ላይ የተንጠለጠለች ከረጢት አለቻት። አንጀቱን መልሶ ለመግጠም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይቀራታል። እስከዚያው ቁስሏ ስላልጠገገ እዚሁ ተኝታለች።

ሆዷን በእጇ ደግፋ ተነሣችና ከግራ ትከሻዋ አረንጓዴውን ልጣ እኔ ላይ ለጠፈችው። ከእኔ ደግሞ አንዱን ነጭ አንሥታ ለራሷ አደረገች። ምን እያደረግሽ ነው ብዬ ልቆጣ ስል «አብሽሩ እትዬ» አለችኝ፤ «እዚህ ቤት ብቻውን የሚበላ የለም።»

ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ከአጥንቴ ላይ ወርዶ ከእግርጌዬ ተቀመጠ። አልሄደም፤ ግን ራቅ ብሎ ነበር። ቀና ብዬ ክፍሉን ሳየው የሁሉም ትከሻ እንደዚያው ነው፤ አንድ ነጭ፣ አንድ አረንጓዴ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የወጡት ለገቡት ሲያሳዩ የመጣ ነው። ከፊት ለፊቴ የተኙት እማማ ሶልያና፣ ሐሞታቸውን ያስወጡ ባለ ነጠላ ጥርስ አዛውንት፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው አስረዱኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም በየማለዳው ሳልጠየቅ ትከሻዬን እሰጥ ጀመር።

እኔ እኮ በዴስክ ሥር መልስ ያቀበለን ልጅ ወላጅ አምጣ የምል ሴት ነኝ። ኩረጃን ከሌብነት ለይቼ አላውቅም። ያኔ ግን ይህና ያ አልተያያዘልኝም። እንዴት ይያያዝ? ያቀበለችኝ መልስ ሳይሆን እንቅልፍ ነበር።

ፍርዱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዘን ስንጫወት ነው። ሚዛን ጨዋታችንን ይቅርታ ጠይቆ አቋረጠ። የነጩና የአረንጓዴው ንጽጽር ተጠናቋል አለ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለማምረት የሚቀለው ነጩ ብቻ ይሰጣል፤ አረንጓዴው ይሰረዛል። ጤና ተመኝቶልን ዝም አለ።

መጀመሪያ ማንም ነገሬ አላለውም። ሂክማ ብቻ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ያለው ደም ሲወርድ አየሁት።

«ነጩን ብቻዬን አውቀዋለሁ» አለች።

ቀስ እያለች ነገረችን። አንጀቷ የተቆረጠ ሰሞን መጀመሪያ የተኛችው እዚህ አልነበረም፤ ሐይቅ፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ባለ አንድ አልጋ ቤት ነበረች። በሁለቱም ትከሻዋ ነጭ። የሚለዋወጣት ጎረቤት የለም። አንሶላውን ነክሳ ቀደደችው። አምላኳን ሞት ለመነችው፤ ይህን ስትናገር አፍራ ዓይኗን ሰበረች። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናዋ የሚውለው አረንጓዴው ከተሰረዘ በኋላ ነው። ስለዚህ አልገባም አለች። ከረጢቷን ይዛ ትኖራለች። በዚያ ሐሩር፣ በመሰላል ላይ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ ከረጢቷን ታጥቃ። እኛ ሁላችን እየተቀባበልን መከርናት፤ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ያን ቀን እራቴ አልወረደልኝም። እንዴት ልዩነት የለም ይባላል? ሁለቱንም በሥጋዬ አውቃቸዋለሁ። ነጩ ያባብላል፤ አረንጓዴው ያሳርፋል። ሚዛንን ስራገም አመሸሁ፤ ሲደክመኝ ግን የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ዓመት በትምህርት ቤቴ ሁለት መምህራን ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ማን እንደሚሻል ለማወቅ ተማሪዎቻቸውን ባንድ አዳራሽ ፈተንናቸው፤ ውጤቱ እኩል ሆነ፤ ጎበዙን መምህር ወደ ሌላ ቦታ ላክነው። ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ተሰብስበው እርስ በርስ ሲያስጠኑ ማደራቸውን ያወቅነው በኋላ ነው። አብሮ የበላ ሕዝብ ማን እንደራበው አይታወቅም። ሚዛን አልዋሸም። ልዩነቱ አልነበረም፤ ያጠፋነው እኛ ነን።

ለሲስተር ናርዶስ ነገርኳት። ፀጉሬን እያጠበችኝ ነበር፤ እጆቿ ራሴ ላይ ቆሙ። መለዋወጣችንን ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል፤ ደግ ሥራ ነው ብላ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። በፎጣው ፊቷን ጠረገችና ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ደወለች። ደሴ እንደዚያው ነው። ወልድያም። ሐዋሳ ያለች ጓደኛዋ መጀመሪያ ካደች፣ ቆይታ አመነች። ጅግጅጋ በየአልጋው ባለቀለም ነጥብ አድርገው በወረፋ ይለዋወጣሉ። አገር ሙሉ ሲኮርጅ ከርሟል። እማማ ሶልያና ይህን ሲሰሙ ስፌታቸው እስኪያማቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ ሁላችንም ሂክማን ማየት ጀመርን።

መንገድ ነበረው። ታማሚዎች ራሳቸው ቅሬታ ካቀረቡ ንጽጽሩ ይከፈታል። ግን ቃል መግባት አለባቸው፤ ለሁሉም በዕጣ የደረሰው ይደርሳል፣ ማንም የማንንም አይነካም። የሚቆጠረውም ገና የሚቀደዱ ሰዎች ሕመም ነው። ሲስተር ናርዶስ ከሌሎቹ ጋር ስትነጋገር ብዙዎቹ ክፍሎች እሺ አሉ። ከእኛ ዘንድ እኔ የግራ ዳሌዬን ሰጠሁ፤ ቀድሞ ለሌላ ጊዜ ቀጥሬው ነበር። ሌሎችም ተገኙ። የቀረችው ሂክማ ናት።

ነገሩን ፊት ለፊት ነው ያስረዳኋት። ወር ጠብቃ ከገባች ነጩ የተረጋገጠ ነው። አሁን ከገባች ግማሽ ዕድል አላት። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፤ አሰበችውና ገባት፤ ግን እሺ አላለችም። ያኔ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «ነጩ ከደረሰሽ የእኔን አንዷን ታገኛለሽ፤ ማንም አያይም» አልኳት። አውራ ጣቴን ለቃል ኪዳኑ ካሳረፍኩ ገና ቀለሙ አልደረቀም ነበር። እንዲህ ናት የኩረጃ ጠላት የነበረችው እሾህ። ሂክማ ቀና ብላ አየችኝና እሺ አለች።

ዕጣው ወጣ። ለእኔ አረንጓዴ። ለሂክማ ነጭ።

ባንድ ቀን ቀደዱን። በማግስቱ የብረት ክንዱ ወርዶ ትከሻዬን ሲነካኝ መጀመሪያ የሰማሁት የእሷን ትንፋሽ ነው። አጭር አጭር፣ እንደሚሮጥ ሰው። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ረጥቧል። ድምፅ አታሰማም። ሚዛን መጥቶ «ወይዘሪት ሂክማ፣ ሕመምዎን በቁጥር ይንገሩኝ» አላት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

ሁለት ተብሎ ተጻፈላት። እኔ አረንጓዴ በሁለቱም ትከሻዬ ለጥፌ፣ ተመስገን ብዬ ሁለት ነኝ፤ እሷም ነጭ ለጥፋ እየተቃጠለች ሁለት ናት። ግድግዳው ዝም እስኪል ጠብቄ የግራ ትከሻዬን ልጬ እጄን ወደ አልጋዋ ዘረጋሁ። እንደ ቃሌ።

ሂክማ አየችው። እኔ ያልጠበቅኩትን አደረገች፤ ስፌቷን እያመማት ትከሻዋን ወደ ግድግዳው አዞረችብኝ።

«ይተዉት እትዬ» አለች።

ቃል ገብቼልሻለሁ አልኳት። አታስቢ፣ ሌሎቹ ይበቃሉ፣ ያንቺ አንዷ ምን ትለውጣለች አልኳት። የኮራጅ ሁሉ መከራከሪያ ይህ ነው፤ ስንቱን ልጅ በዚህ ቃል ተከራክሮኝ ከቢሮዬ አስወጥቼዋለሁ።

«እኔ እርስዎ አሉልኝ» አለች ወደ ግድግዳው እንደዞረች። «ሐይቅ ብቻዋን ለምትተኛዋ ማን አላት?»

አረንጓዴዋን መልሼ ትከሻዬ ላይ ለጠፍኳት። ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ወንድሜን ቀብሬያለሁ፤ እጄ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። እጇን ልይዛት ፈልጌ ደግሞ ተውኩት፤ አስታማሚ ሕመም ይቀንሳል ተብሏልና። ሕጉ ውሸት ቢሆን ኖሮ እይዛት ነበር። እውነት መሆኑን ስለማውቅ እጄን ከብርድ ልብሴ ሥር ከተትኩት።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሂክማ አልኳት፤ ይህን ሁሉ የምትሸከሚው ሁለት ተብሎ እንዲጻፍ ከሆነ በከንቱ ነው። አልሐምዱሊላህ ማለት ለአምላክሽ ነው፤ እሱ ይሰማሻል። ለሚዛን ቁጥሩን ንገሪው። ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች። ነውር ሆኖባት ነው። አመመኝ ማለት ማማረር መሰላት፤ ያሳደጓት እንደዚያ አድርገው ነው፤ እኔንም እንደዚያው። ከወዲያኛው አልጋ እማማ ሶልያና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ» አሉ።

ቀትር ላይ ሚዛን ተመለሰ። እንደ ልማዱ አክብሮ ጠየቃት። ብዙ ዘገየች። ሚዛን ጥያቄውን ደገመላት።

«አስር» አለች። «ያመኛል። በጣም ያመኛል።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስንት ሴት ተቀድዳ፣ ስንት ሴት አንሶላ ነክሳ፣ አንዲት እንኳ አመመኝ አላለችም ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ነጭ የለጠፈችው ስምንት አለች። በር ጥግ የተኛችው ዘጠኝ አለች፣ አለቀሰችም። ወደ እኔ ሲመጣ ሦስት አልኩት። እውነት ነው፤ ሦስት ነበር። ከአስር አጠገብ ተኝቶ ሦስት ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር ያየ ያውቀዋል።

ጥቂት ቀናት እንደዚያ አለፉ። ሂክማ በየማለዳው ትከሻዋን ለብረት ክንዱ ትሰጣለች፣ በየጥያቄው ቁጥሯን ትናገራለች። መናገር ከጀመረች በኋላ ማቃሰትም ጀመረች። በፊት ቢሆን ጆሯችንን እንይዝ ነበር፤ አሁን ሁላችንም እንሰማታለን። ምግብ ሲመጣ እንደ ቀድሞው አንዳችን ለአንዳችን አላቀበልንም፤ ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም። እያንዳንዳችን የየራሳችንን በላን። እኔ በደንብ እተኛለሁ፤ ስነቃ በመተኛቴ እናደዳለሁ። ሲስተር ናርዶስ አንድ ጊዜ የሂክማን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ልትጠርግ መጣች፤ ቆማ አሰበችና ጨርቁን አጣጥፋ ወጣች።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ የብረት ክንዶቹ ለጥፈው ከተመለሱ በኋላ፣ ሚዛን ይቅርታ ጠየቀን። ንጽጽሩ ተዘግቷል አለ። ከሁሉም ክፍሎች የተሰበሰበው ቃል በቂ ነው፤ ልዩነት ተገኝቷል፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ለሚገቡ ሁሉ፣ በሁሉም ቦታ፣ ባለ አንድ አልጋ ክፍሎችን ጨምሮ፣ አረንጓዴው ይሰጣል። ከዚያ በዚያው ድምፅ «በነጭ የጀመሩ በነጭ ይጨርሳሉ» አለ። ጤና ተመኝቶልን ዝም አለ።

ማንም አልተደሰተም፤ ማንም አልጮኸም። ሲስተር ናርዶስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን መስኮቱን እንደመክፈት አለች፤ የማይከፈት መስኮት ነው።

የግራ ትከሻዬን ላጥኩ።

ሂክማ በደረቀ ከንፈሯ «አይቆጠርም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይቆጠርም» አልኳት። «ተዘግቷል።»

ትከሻዋን ወደ እኔ አዞረች። ነጩን አንሥቼ አረንጓዴውን አስቀመጥኩላት፤ ነጩን ለራሴ አደረግኩ። ሌላውንም ልሰጣት ስል እጄን ያዘችኝና አንዱ ይበቃል አለች። ከፊት ለፊት እማማ ሶልያና የራሳቸውን ልጠው ለበር ጥጓ ሴት እየላኩ ነበር። እጄን ከሂክማ እጅ አላወጣሁትም። እጇ ትኩስ ነበር፤ መዳፏ ላይ መሰላሉ ያጠጠረው ቆዳ አሁንም አለ።

ትንፋሿ ሲረዝም ሰማሁ። ሮጦ ሮጦ እንደሚቀመጥ ሰው።

ቀትር ላይ ሚዛን መጣ። ሕመሜን ጠየቀኝ፤ አምስት አልኩት። ትናንት ሦስት እንደነበር አስታወሰኝ። አዎ፣ ነበር አልኩት። ጻፈው። ቀጥሎ ወደ ጎኔ አልጋ ዞሮ «ወይዘሪት ሂክማ፣ ሕመምዎን በቁጥር ይንገሩኝ» አለ። መልስ አልመጣም። ጥያቄውን ሊደግም ሲጀምር አቋረጥኩት።

«ተኝታለች» አልኩት። «ተዋት።»